ጭሱን መልሶ የሚስብ ሞተር

በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው እህል እያነሱ ወደ ሐረር የሚወጡ የመንግሥት መኪናዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። እጄ የተመሰከረለት ነበር፤ ክፋቱ እኔም ይህን ማወቄ ነው። ከዚያ መኪና ወዲህ በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

ጠላታችን አቧራ ነበር። የአየር ፊልትሮ ከገበያ ጠፍቶ፣ ያሉትን በናፍጣ እያጠብን መልሰን እንገጥማለን፤ ሞተሩም አሸዋ ይውጣል። አንድ ቀን ከወዳደቀ ብረት ረጅም ቧንቧ በየድኩና የአንዱን መኪና አየር መሳቢያ ከጋቢናው ጀርባ ወደ ላይ አወጣሁት። ላይ አቧራ የለም ብዬ ነው። በሳምንቱ ስብሰባ አስነስተው ለሰው አሳዩኝና ተጨበጨበልኝ።

የመኪናው ሾፌር ግን አላጨበጨበም። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል። ቧንቧዬን ቀና ብሎ አየው።

«ወሪያ፣ የጭሱ መውጫ እኮ እዚሁ አጠገቡ ነው። ዳገት ላይ ስንንፏቀቅ ጭሱን መልሶ ይበላዋል፣ አቦ!»

«አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ልክ ነበር። ሜዳ ላይ ነፋሱ ጭሱን ይበትነዋል። ደንገጎ ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ግን የወጣው ጭስ ተመልሶ ይገባል። ሞተር በጥቂት ጭስ አይሞትም። ንጹሕ አየር ሲያጣ ግን ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፣ የባሰ ጥላሸት ይተፋል፣ ያንኑ ደግሞ መልሶ ይስባል። ሾፌሩ ጉልበት አነሰው ብሎ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። ሁለቴም «የነዳጅ ፔዳል አረጋገጥህ ነው» ብዬ መለስኩት።

በመጨረሻ መኪናው እህል እንደጫነ ዳገቱ ላይ ቆመ። እህሉ ለጦሩ ነበርና፣ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ሳይደርስ «አሻጥር» የሚለው ቃል ቀድሞት ደረሰ። ሾፌሩን አስረው ወሰዱት። እኔን የብልሽቱን ምክንያት መርምረህ ጻፍ አሉኝ።

ሞተሩን ብቻዬን ፈታሁ። የአየር መግቢያው በዘይትና በጥላሸት ጭቃ ተደፍኖ ትንሿ ጣቴ አልገባ አለች። ዘይቱ ሬንጅ መስሏል። ቧንቧዬን ቆርጬ ከወዳደቀው ብረት ጋር ደባለቅሁት፣ እጄን ታጠብኩ፣ «ሾፌሩ ከመጠን በላይ እየረገጠ ሞተሩን ጎድቶታል» ብዬ ጻፍኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልጆች አሉኝ እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። እሱም ልጆች ነበሩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስቱ ከሳቢያን ሰፈር በእግሯ መጥታ በር ላይ አስጠራችኝ። የምሳውን ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች።

«ምግብ ስወስድለት ሁሌ አንተን ነው የሚያነሳው» አለችኝ። «ሞተሩን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ይነግራቸዋል ይላል። ወንድሜ፣ ነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት።

እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ» አለችና ወደ እስር ቤቱ ሄደች። በሳምንቱ የወሰደችውን ምሳ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው መለሱላት።