ለእኔ ስትሉ

ጎፋ ሰፈራችን የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በአጎቴ ነበር። ጋሼ ብድግ ብለው «ለእኔ ስትሉ ታረቁ» ካሉ እምቢ የሚል አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፈተና ኮርጃለች ተብዬ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ስቀርብ፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ደጋፊ ስለተፈቀደልኝ እሳቸውን ይዤ ገባሁ። ደጋፊ ያበረታታል እንጂ ተከሳሽን ወክሎ አይናገርም። ጋሼ ግን ልማድ ሆኖባቸው ተነሱ።

«ለእኔ ስትሉ ይቅር በሏት።»

ኮታቸውን ጎተትኩ። «ጋሼ፣ አልኮረጅኩም እኮ! ይቅርታ አይጠይቁልኝ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡና እጄን ያዙ። ተናግሬ እስክጨርስ ትንፍሽ አላሉም። ለአስታራቂ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ እጄን አጥብቀው ከመጨበጣቸው አወቅሁ። ነጻ ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ከቀብራቸው መልስ ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ ለእኔ ሲሉ ትንሽ ቢቆዩልኝ ምን ነበረበት?