ጣቴን ያላወረድኩበት ዕለት

ልጅ ሆኜ፣ ዲላ ስንኖር፣ ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምታወራው እኔ ነበርኩ፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ጣልያን ሲገባ አውሮፕላኑ በጣለው ቦምብ እናቴ ሞተች፣ የአባቴም ሁለት ጆሮዎች በዚያው ቀን ደነቆሩ። አባዬ በቅሎው ላይ አስቀምጦኝ፣ አንድም ዘመድ ወደሌለን ወደ ዲላ መጣን። ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። "አባዬ!" እላለሁ፣ ዝም። ከኋላው ሆኜ እጮሃለሁ፣ ዝም። የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት በጌዴኦ ቋንቋ ነው፤ ከቋንቋቸው መጀመሪያ የገባኝ "የደንቆሮው ልጅ" የሚለው ሆነ። ወይ ብቸኝነት! ከጓሮው እንሰት ጋር ያወራሁበት ቀን ብዙ ነው፤ አትሳቁብኝ።

እኩዮቼ እንደምታስታውሱት ያኔ ጣልያን ወደ ወናጎ የሚወስደውን መንገድ ያሠራ ነበርና ብስክሌት በረከተ። መልእክተኛው፣ አስተርጓሚው፣ የጣልያን ካምፕ ወጥ ቤት ሳይቀር ብስክሌት ላይ ነው። አባዬ ይህን አየና በቅሎዋን ሸጠ። ከእናቴ ጋር አገር ለአገር የነገደባትን በቅሎ! በእሷ ዋጋ የሥራ ዕቃ ገዝቶ ብስክሌት ጠጋኝ ሊሆን ቆረጠ። ዕቃው ቢበላሽ ሌላ የምንሸጠው ነገር እንደሌለን ልጅም ብሆን አውቅ ነበር።

ጋሽ ኑሪ የሚባሉ ነጋዴ ከጣልያን ጋራዥ የወጣ ዕቃ ገበያው ዳር ይሸጡ ነበር። ሱቃቸው የግሪስና የአሮጌ ጎማ ሽታ ነበረው፤ ዛሬም ያ ሽታ በአጠገቤ ሲያልፍ ልቤ ይሸበራል። አባዬ ሲመርጥ አይቸኩልም። ፒንሳውን ገጥሞ ወደ በሩ ያነሳዋል፤ በጥርሶቹ መሃል ብርሃን ካየ ይመልሰዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ በሞረድ ይሞክራል፤ ሞረዱ በቀላሉ ከበላው "ይሄ ለቅቤ ነው!" ይላል። ራሱን ስለማይሰማ ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ እኔ አፍራለሁ።

መፍቻ ግን የሚመረጠው በጆሮ ነው። አባዬ ድሮ ከብረት ሠሪዎች የተማረው እንደዚያ ነው፤ መፍቻውን በክር አንጠልጥሎ በምስማር ይመታዋል። የጥሩ ብረት ድምፅ ይረዝማል፣ የመጥፎው ወዲያው ይጠፋል። አሁን ጆሮ ስለሌለው ጆሮው እኔ ሆንኩ። "ድምፁ እስካለ ጣትሽን ወደ ላይ ቀስሪ፤ ሲጠፋ አውርጂ" አለኝ።

ጋሽ ኑሪ በሳቅ ፈረሱ። "መፍቻ ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚገዛው? ኧረ ጠይቂልኝ!"

"አይሰማም፣ ጋሼ" አልኳቸው። ሳቃቸውን አቆሙ።

የቀሩት ሁለት መፍቻዎች ነበሩ፣ ገንዘባችን ደግሞ የሚበቃው ለአንዱ ነው። መጀመሪያ ጥቁሩን መታው፤ ረጅም ጮኸ። ጣቴን ቀሰርኩ። አባዬም ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ድምፁ ሲጠፋ ጣቴን አወረድኩ፣ እሱም ዓይኑን መለሰ። ቀጥሎ የሚያብለጨልጨውን አንጠልጥሎ መታ። "ጥቅ" ብሎ ቀረ። ጣቴ ግን እንደተቀሰረ ነው። ላወርደው ነበር፤ ካወረድኩት ግን ፊቱን ሊያዞርብኝ ነው! አላወረድኩም። እያየኝ መሆኑ ደስ ብሎኝ ሳቅኩ። ጋሽ ኑሪ ጆሯቸው ደህና ነበርና ቀና ብለው አዩኝ፤ ነጋዴ ናቸውና ምንም አላሉም። አባዬ የሚያብለጨልጨውን ገዛ።

ብዙም አልቆየ፣ አስተርጓሚው የፔዳሉ ብሎን የዛገ ብስክሌት አመጣ። አባዬ መፍቻውን በሁለት እጁ ተጫነው። የመፍቻው አፍ ተከፈተና ሾለከ፤ የአባዬ እጅ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ብረት ላይ ወደቀ። ደሙ! አስተርጓሚው ብስክሌቱን እየጎተተ የወረወረውን ስድብ አባዬ አልሰማም፤ ሁሉንም የሰማሁት እኔ ነኝ።

እጁን በጨርቅ ስጠቀልልለት እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። ዋሸሁህ፣ እኔ ነኝ እጅህን የቆረጥኩት አልኩት። የት ይሰማል! መፍቻውን አነሳሁ፣ በክር አንጠልጥዬ መታሁት፣ ጣቴን ቀስሬ ወዲያው አወረድኩ። ደገምኩት።

አባዬ መፍቻውን ከእጄ ወሰደ። "አውቃለሁ" አለ፣ በዚያ ጎረቤት በሚሰማው ድምፁ። "ጥቁሩን ስመታው ክሩ በእጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። ይሄኛው ወዲያው ነው ያቆመው።"

ታዲያ ለምን? ብዬ በእጄ ጠየቅሁት።

"እየሳቅሽ ነበራ! እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። እንዴት ብዬ ዋሸሽ ልበልሽ?"

እቅፉ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኛ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ኑሪ የደረሰውን ሲሰሙ አፍረው ጥቁሩን መፍቻ ይዘው መጡ፣ የሚያብለጨልጨውን ወሰዱ። የአባዬ ሁለት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አሉ፤ ጠንካራ ብሎን ሲያጋጥመው እጄን በእጁ ላይ ደርቤ አብረን እንፈታ ነበር።

ዛሬ አርጅቼ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ሬዲዮው ከጧት ጀምሮ ያወራል፣ የልጅ ልጆቼ ይንጫጫሉ፣ እንግዳ አይጠፋም። ስናገር "እሺ እማዬ፣ ሰምቼሻለሁ" ይሉኛል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይሰማሉ፤ ጆሯቸውን እግዜር ይጠብቅላቸው። እኔን የናፈቀኝ የሚያየኝ ሰው ነው። ለአንዲት ሳቄ ብሎ፣ እያወቀ፣ የማይረባ መፍቻ የገዛ አባት ነበረኝ።