የየውብዳር ሽማግሌዎች ቆመው ቀሩ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የሰው ትዳር ከሐኪም ቤት በበለጠ ጥንቃቄ ይመረመራል። በፈረንጆቹ 2013 ተረኛዋ መጋረጃ ሰፊዋ የውብዳር ነበረች። ባሏ ጀንበሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሌላው ሾፌር የጋላፊን ድንበር ሲሻገር ሚስቱ ናፍቃው ነዳጅ ይረግጣል። ጀንበሬ ግን ከተማው መግቢያ ላይ፣ ፔካ 12 ከሚሉት የከባድ መኪና ማቆሚያ ሲደርስ ይቆምና፣ ቤቱ አፍንጫው ሥር እያለ፣ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ጋቢና ውስጥ ብቻውን ይተኛል። የሚመጣው በማግስቱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

«ሴት አለችው» አሉ ጎረቤቶች። ስሟንም አወጡላት፤ ዙለይካ፣ ሻይ የምትሸጥ። የቀራቸው የጫማዋን ቁጥር መናገር ብቻ ነበር።

የውብዳርን የበላት ግን ዙለይካ ብቻ አልነበረችም። ጀንበሬ ሲገባም ቤቱ አይሞላም። ዓይኗን አያይም። ምግቡ ሁሌ ያው ሩዝ በዓሣ ነው፣ በዚያው ሳህን። የአባቷን መርዶ የሰማች ቀን እሷ መሬት ላይ ስትንከባለል፣ እሱ ማራገቢያውን፣ ቬንቲላተሩን፣ ፈታትቶ አጠበ፣ ገጠመ፣ ወደሷ አዙሮት ወጣ። ለቀስተኛው ይህን ሳምንት ሙሉ አወራው። እሷም አብራ ሳቀች። ብቻዋን ስትሆን ግን ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ አላት።

በመጨረሻ ቆረጠች። ይወደኝ እንደሆነ በአፉ ይንገረኝ፣ አለዚያ ድሬዳዋ እህቴ ጋ እገባለሁ ብላ ሽማግሌ ላከች።

ጋሽ ክፍሌ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። እሷ ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

«ተቀመጡ» አለ ጀንበሬ፣ ሩዙን እየበላ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም!» አሉ ጋሽ ክፍሌ፣ እንደ ወጉ።

«እሺ» አለና መብላቱን ቀጠለ።

ወግ የሚያውቅ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «በሞቴ ተቀመጡ፣ ያላችሁትን እፈጽማለሁ» ይላል። ጀንበሬ ዓሣውን ከአጥንቱ ይለያል። የጅቡቲን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግማሽ ሰዓት ቆመው ላብ በላብ ሆኑ። ጋሽ ክፍሌ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ኧረ ሚስትህ ከፍቷታል!» አሉ ቢቸግራቸው።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ! ባል ያውቃል እንጂ።»

«በምን?»

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ወጡ። ሰፈሩ ስቆ ስቆ ሲያበቃ «ይቺማ ትፈታ» ብሎ ፈረደ። ጀንበሬ በበነጋው ጭነቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የውብዳር ሻንጣዋን አወረደች።

ፀዳል ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ናት፤ የእረፍት ቀኗ ዓርብ ነው። መጋረጃ ልታሰፋ መጥታ ሻንጣውን አየች። ታሪኩንም ሰማች፤ አልሳቀችም።

«የኔ ሙሴ፣ የማዳም ባል፣ እኮ ቁርጥ እሱን ነው» አለች። «ኦቲዝም ይሉታል። አፈጣጠሩ ነው እንጂ ንቀት አይደለም። ያንቺው እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ማዳም ማክሰኞ ማክሰኞ በኮምፒውተር ባሎቻቸው እንዲህ ከሆኑ ሴቶች ጋር ታወራለች። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ‹እኔም ቤት› ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እና ባሎቹ ይሻላቸዋል?»

«ለባሎቹ አይደለም እኮ የሚያወሩት፣ ለራሳቸው ነው። አንቺ ደግሞ በሽማግሌ አትዙሪ፣ ፊት ለፊት ጠይቂው። እኔ ዓርብ ዓርብ ብቅ እላለሁ። ምክር አላውቅም፤ እሰማሻለሁ።»

ጀንበሬ ሲመለስ ጠየቀችው።

«ፔካ 12 ሴት አለችህ?»

አሰበ። «የለችም።»

«ታዲያ ለምን በቀጥታ ቤትህ አትመጣም? ብቻዬን ነኝ። ያስለቅሰኛል።»

ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ሁለት ቀን ነድቼ ስደርስ ሞተሩ ጆሮዬ ውስጥ አይጠፋም። ሰው ሲያናግረኝ ያመኛል። እስኪጠፋ ነው የምቆየው። እንደሚያስለቅስሽ አላወቅሁም። እስኪጠፋ ካላናገርሽኝ በቀጥታ እዚህ እመጣለሁ።»

«ትወደኛለህ?»

«አዎ» አለ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው።

ድሬዳዋ መሄዱ ቀረ።

ከሚቀጥለው ጉዞ እሁድ ከቀትር በኋላ በቀጥታ ቤቱ መጣ። ሰላም ሳይል ምንጣፉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ጎረቤቷ በበሩ አንገቷን አስግጋ «እሰይ፣ መጣል...» ስትል የውብዳር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሴትየዋ ተኳርፈዋል ብላ በረረች፤ ወሬው ማዕዘኑን እስክትዞር እንኳ አፏ ውስጥ አልቆየም።

የውብዳር የስፌት መኪናው እንዳይጮህበት ብላ አልነካችውም። ወንበር ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሦስት እርምጃ ላይ አለ፤ የሁለት ሳምንት ወሬ ጉሮሮዋ ድረስ ሞልቷል። ፀዳል የምትመጣበት ዓርብ እስኪደርስ አምስት ቀን ይቀራል።