የአባቴ አሳማ አሥራ ሁለት የወለደችው ለምንድን ነው?

አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዛሬ ሟቹን አባቴን ረታችው።

ዶሮ ላረባ አስቤ ቤቴል የእንስሳት እርባታ ሥልጠና ገብቼ ነው። «አሳማ ብዙ እንድትወልድ የዘር ድርሻ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ምግብና እንክብካቤ ነው» አለች። ብቻዬን ሳቅሁ።

ነፍሱን ይማረውና አባቴ ሆቴል ኩሽና ይሠራ ነበር። በሚያመጣው ትርፍራፊ ኮልፌ ጓሯችን ውስጥ አንዲት አሳማ ያረባ ነበር። (ጎረቤት ለምን ቤታችን እንደማይመጣ ገባችሁ?)

አሥራ ሁለት የወለደች ጊዜ «ዘሯ ነው! እናቷን አይቼ ነው የገዛኋት» እያለ ለሚሰማውም ለማይሰማውም አወራ።

እማዬ ስሟን እንኳ አትጠራም፤ «ያቺ» ነው የምትላት። በጓሮ ስታልፍ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዛለች።

አሁን እዚያ ላይ የኪራይ ክፍል ተሠርቶበታል። ሽታው ይናፍቀኛል ብል ታምኑኛላችሁ?

ከሥልጠናው ስወጣ ደወልኩላት። «እማ፣ አባባ ተሸነፈ። በዘሯ ሳይሆን በእንክብካቤ ነው አሉ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እሱ ሥራ ሲሄድ፣ በዚያ ብርድ የዚያችን ምግብ ማን ያሞቅላት የነበረ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«በዘሯ ሲኮራ ደስ ይለኝ ነበር።»

እናንተስ ቤት፣ ማን ለፍቶ ማን ይመሰገን ነበር?