ውሃ ቀማሿ እናቴ

ከሚሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ አስፋልቱ ውሃ የሚመስልበት ሰዓት አለ። ከደሴ በኩል የሚመጣው መኪና ከኩሬ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ቀርቦ ሲያልፍ ግን ጎማው ደረቅ ነው፣ ኩሬውም ወደፊት ሸሽቷል። በዚያ ሰዓት የከተማው ድምፅ ሁሉ ይርቃል። ባጃጁም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርዱት ግመሎች ደወልም በእንቅልፍ ልብ የሚሰማ ይመስላል። እናቴ በረንዳው ላይ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ያንን የሌለ ውሃ ስታይ ትውል ነበር። እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አጠገቧ ያስቀመጥኩላት ጠርሙስ ግን እንደሞላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ደሴ፣ ሐኪም ቤት ነው። ወገቧን ይዟት ስትቃትት አድራ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ኩላሊቷ ውስጥ ጠጠር አገኘ። አንደኛው ኩላሊቷ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ጠጠሩ ከወጣላት በኋላ ስንሰናበት፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ መድኃኒትዎ ውሃ ነው። በቀን ሦስት ሊትር ይጠጣሉ። ካልጠጡ ጠጠሩ ተመልሶ ይሠራል፤ ያኔ ኩላሊቱን የማተርፍልዎ አይመስለኝም" አላት። እናቴ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በትህትና አዳመጠችው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ሦስት ሊትሩን ለኔ ነው ያዘዘው ወይስ ለግመል?" አለችኝ።

እናቴ ውሃ አለመጠጣትን እንደ ሙያ የተማረች ሴት ናት። ጉልበት ሳላት በርበሬ ትነግድ ነበር። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ በሳምንቱ መሀል ጨፋ ሮቢት። ገበያ ላይ ወንዱ ዞር ብሎ አጥር ሥር ይሸናል፤ ሴት የት ትሂድ? ስለዚህ ከቤት ከወጣችበት እስክትመለስ ድረስ፣ የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮዋን እየፋጃት፣ አንድ ጉንጭ ውሃ በአፏ አይዞርም ነበር። የገበያ ሴቶች ሁሉ እንዲያ ነበሩ፤ ጥማታቸውን እንደ መቀነት ጠበቅ አድርገው ታጥቀው ይውላሉ። ዕድሜዋ ሲገፋ ንግዱን ተወችው። መቀነቱ ግን እንደታሰረ ቀረ፤ ሰውነቷ መጠማትን ረሳ።

እኔ ጅዳ፣ ሰው ቤት ስሠራ፣ እመቤቲቱ ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር ውሃ ትጎነጭ ነበር። ስልክ ሰውን ጥማቱን የሚያስታውስበት አገር ኖሬ፣ ጥማት ከነስሙ ወደተረሳበት ቤት ተመለስኩ። ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ዘመድ አዝማድ ያውቀዋል። ትልልቅ ጠርሙሶች እየሞላሁ አጠገቧ እደረድርና፣ "ጠጪ እንጂ!" እላታለሁ።

"አልጠማኝማ።"

"ሳይጠማሽ ጠጪያ!"

"ሳይጠሙ መጠጣት ማባከን ነው ልጄ። አላህ አይወደውም።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሉት ነገር ነው። ጠዋት እንከራከራለን፣ ማታ እንከራከራለን፣ ጠርሙሱ እንዳለ ያድራል።

ከዚያ አንድ ሰሞን ጠርሙሶቹ ባዶ ሆነው ይገኙ ጀመር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ "ጩኸቴ ሠራ" ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሰነባብቶ ግን በረንዳው ጥግ ያለችው ፓፓያ፣ ጫጭታ የኖረችው፣ ቅጠሏ ተንዠረገገ፤ ፍሬም ማንጠልጠል አማራት። ያኔ ገባኝ። ጮህኩባት። ጮኼ ሲወጣልኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ፈርቼ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ መዳኛዋን ለፓፓያ ታጠጣለች።

አንድ ቀን፣ ያው አስፋልቱ ውሃ በሚመስልበት ሰዓት፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙ። በበጋ አፋሮች ግመልና ከብታቸውን እየነዱ ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወጣሉ። ሽማግሌው ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ከዚያ ከሚርገበገበው ብርሃን ውስጥ የወጡ መስለው፣ "አዴ፣ ቢሻን" አሉ፤ በኦሮምኛ ውሃ መለመናቸው ነው።

እናቴ ብድግ አለች። ከእንስራው በጣሳ ቀዳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ "ቢስሚላህ" ብላ በሦስት ትንፋሽ ተጎነጨችና ጣሳውን ሞልታ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ጠጥተው፣ "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑ።

"ይድገሙ አያ፣ መንገድዎ ሩቅ ነው" አለቻቸው። እንደገና ቀዳች። እንደገና ቀመሰች።

በሩ ላይ ቆሜ የጉሮሮዋን ወጣ ገባ አየሁ። በእናቴ ቤት ውሃ ሰጪ ሳይቀምስ አይሰጥም። ቤታችን የገበያ መንገድ ዳር ነው፤ ከቆላ የሚወጣውም ከደጋ የሚወርደውም በራችን ላይ ያልፋል፤ ከማያውቁት ሰው እጅ ውሃ ለመቀበል ደግሞ ልብ ይፈራል። ሰጪው ቀድሞ ሲጎነጭ ግን፣ ከኔ ክፉ አይነካህም ማለቱ ነው። አያቴ ለእናቴ ያወረሰቻት ይህንን ነው። መቅመስ ስል ደግሞ ከንፈር ማርጠብ እንዳይመስላችሁ። እናቴ የእንግዳው ጥርጣሬ ተጠራርጎ እስኪወጣ ድረስ ነው የምትጎነጨው። ለራሷ የማትጠጣውን ለሰው እምነት ትጠጣዋለች። ይህንን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ለኩላሊት ይበጃል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ወዲያው ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ እሷና እናቴን አጥር እንጂ ኑሮ ለይቷቸው አያውቅም። የሐኪሙን ቃል፣ የፓፓያዋን ጉድ፣ የሽማግሌውን ጣሳ ነገርኳት። እስኪበቃት ሳቀችና፣ "እኔን ከአሁን ጀምሮ ጠምቶኛል" አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ውሃ ጠማው። ከወፍጮ የሚመለሱት ሴቶች፣ "ኧረ እማማ፣ ውሃ!" ይላሉ። ባለባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይለምናል። ማዶ ያለው ባለሱቅ እንኳ፣ የታሸገ ውሃ በደርዘን ደርድሮ የሚሸጠው፣ መንገድ ተሻግሮ መጥቶ "ጉሮሮዬ ደረቀ" ይላል። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ! እናቴ እየቀዳች፣ እየቀመሰች፣ "ዘንድሮ ሰዉን ምን ነካው? ወላሂ ይሄ ሙቀት የጤና አይደለም" ትላለች። ቀኖቹ እንዲያ፣ እንደ ሕልም፣ በጣሳ ድምፅ ታጅበው አለፉ። የከንፈሯ ስንጥቅ ዳነ። ፓፓያዋ ደግሞ እንደድሮዋ መቀጨጭ ጀመረች።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

ሐኪሙ እንዳትጾም ከልክሏት ነበር። ይህንን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ "አላህ ያውቃል" ብላ ተቀበለች። ግን በጠራራ ፀሐይ ሰው ሁሉ ጾሞ ሳለ ማን መጥቶ ውሃ ይለምናት? የክርስቲያኖቹም ዐቢይ ጾም በዚያው ሰሞን ስለነበር ጎረቤታችን እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። በራችን ጭር አለ። ጣሳው እንስራው ላይ ተደፍቶ ይውላል። ከንፈሯ እንደገና ተሰነጠቀ። ከበርጩማዋ ስትነሳ ወገቧን መያዝ ጀመረች።

"እማ፣ ተይ። ለነፍስሽ ብለሽ ጠጪ" አልኳት፣ ያለወትሮዬ ሳልጮህ።

"በጾመኛ ፊት ብቻዬን? አይወርድልኝም ልጄ። ጉሮሮዬ እሺ አይለኝም።"

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ አፌ ደርቆ፣ ምላሴ ከላንቃዬ እየተጣበቀ፣ ጣሳውን ሞልቼ ፊቷ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ያ የሌለ ውሃ ይርገበገባል።

"እማ፣ ጠማኝ።"

ደንግጣ ቀና አለች። "ጾመሽ የለም እንዴ?"

"ጾሜያለሁ። ይሄ የማፈጥርበት ነው። ካሁኑ ቅመሽልኝ። ሳትቀምሽው ለኔም አይወርድልኝም።"

ትክ ብላ አየችኝ። አስተያየቷ የበርበሬዋን ዋጋ አሳንሰው ሊገዙ የመጡትን ሰዎች የምታይበት፣ ሁሉን የሚያውቅ አስተያየት ነበር።

"ባጃጁም ያንቺ ሥራ ነበር አይደል?"

ጣሳውን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት።

"እኔ'ኮ ያ ባለሱቅ ውሃውን ደርድሮ ከኔ ሲለምን ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደጄ ላይ ቆሞ ጠማኝ የሚልን ሰው ዋሸህ ልበለው?" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ደግሞስ፣ ለኔ ብሎ የሚጠማ ይህን ሁሉ ሰው ማን ይሰጠኛል?"

ጣሳውን ተቀበለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከኔ ጾም ማፈሯ ነው። ቢስሚላህ አለች፣ ጠጣች፣ ተነፈሰች፣ ጠጣች። ስትመልስልኝ ግማሽ ነበር። ወስጄ በሳህን ከደንኩት።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ እኔ ለጎረቤታችን ብቻ ነው የነገርኩት። ከዚያ በኋላ ግን ቀን ቀን ከየቤቱ የማፍጠሪያ ኩባያ፣ ጆግ፣ ጣሳ እየሞላ ወደ በረንዳችን ይመጣ ጀመር። "ለመግሪብ ነው፣ ቅመሽልን" እያሉ ያስቀምጣሉ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች ስትቀምስ ትውላለች። ምሽት አዛን ሲል በየደጃፉ ተቀምጠው ውሃቸውን ሲያነሱ ከበረንዳው አያቸው ነበር። በዚያ ረመዳን እኛ ሰፈር ሙሉ ኩባያ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዒድ በኋላ ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ ኩላሊቷን በራጅ አንስቶ ደጋግሞ አየና ጠጠር እንደሌለ ነገረን። 

"ጎበዝ እማማ! በቀን ስንት ሊትር ቢጠጡ ነው?" አላት።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

"ኧረ እኔ መች ጠጣሁ የኔ ልጅ" አለችው። "ስቀምስላቸው ነው የከረምኩት።"