የአባዬ ፊኛ

ትናንት ጣና ዳር ለልጄ ፊኛ ስነፋ የላስቲኩ ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ። ያን ጊዜ ዓሣ አስጋሪው አባዬ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ፍራሹን ስለሚያረጥብ አፍሮ ከእኛ ጋር ማውራት ትቷል፤ እናቴ ልትደግፈው ስትል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ ቀን ቤታችን የመጣችው ነርስ እናቴን፣ «በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት ይውሰዷቸው። ፊኛቸው ቀስ በቀስ ይለምዳል» አለቻት።

ግራ ገባኝ። አባዬ ፊኛ የለውም። ከሱቅ ቀይ ፊኛ ገዝቼ ትራሱ አጠገብ አኖርሁለት።

«ምንድን ነው ልጄ?» አለኝ አፉ እየተሳሰረ።

«ነርሷ ይለምዳል ያለችው ነው።»

ፊኛውን በደህና እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቆይቶ እናቴን ጠራና «ሰዓቱ ደርሷል፤ ደግፊኝ» አላት።

ይስቅ ይሁን ያለቅስ እስካሁን አላወቅሁም።