ክቡ ስሙኒ

በለጡ የአባቴ እህት ናት። ሌባ ያስባለችኝ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ስሙኒ ገና ክብ በነበረበት ጊዜ፣ መቱ ላይ ነው። ያኔ እትዬ እላት ነበር። አሁን በለጡ ይበቃታል።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ባል ሊጠይቀኝ መጣ። አሮጌ ሳንቲም ይሰበስባል። ሻዩን ሳይቀምስ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ የመዳብ ስሙኒ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይሄ በየቤቱ ሞልቷል፣ ዋጋ የለውም። ብርቁ ክቡ ነው። ለምን እንደተከረከመ ያውቃሉ?»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አልኩት።

የመዳቡ ስሙኒና የብሩ ሽልንግ በመጠን እኩል ነበሩ፤ ሽልንግ ግን የስሙኒ እጥፍ ነው። ስሙኒን በባዜቃ፣ እንደ ውሃ በሚፈሰው ነጭ ብረት፣ ያሸ ሰው ነጭ አድርጎ እንደ ሽልንግ ይገዛበታል። ማንበብ የሚችል ከጽሑፉ ይለየዋል፤ እኔ አልችልም ነበር። ከገጠር፣ ከዳሪሙ፣ ወደ በለጡ ቤት የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ከመስቀል በኋላ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ብላ ለአባቴ ቃል ገብታለታለች።

በዚያ ክረምት እግሬ አላረፈም። አንዴ ጨው፣ አንዴ ላምባ፣ አንዴ ሳሙና፤ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሱቅ።

«ሐጂ ኑሩ ጋ ልግዛ? ቅርብ ናቸው» ስላት፣

«ባለፈው ከሳቸው ገዝተሽ የለ? አፍሽን ይዘሽ ሂጂ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ዝናቡ ጠናብኝ። ጎደሬው ተቀቅሎ ሲወጣ ትቼው ነበር የሄድኩት፤ ሳይቀዘቅዝ ልድረስ ብዬ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገባሁ። ሽልንጉን ተቀብለው ጠርዙን በቢላዋ ጫሩት። ቀይ ወጣ።

«ኤኙቱ ሲፍ ኬኔ?» አሉኝ። ማን ሰጠሽ ማለታቸው ነው።

«እትዬ ናቸው።»

ሱቁን ዘግተው በዝናብ ይዘውኝ ሄዱ። በለጡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«እኔ የሰጠኋት ስሙኒ ነው። ሽልንግ ያደረገችው ራሷ ናት።»

«ይህች ልጅ ባዜቃ ከየት ታመጣለች?»

«ሲያዩዋት ዝምተኛ ትመስላለች እንጂ ከእኔም ከእርስዎም ትበልጣለች።»

ያኔ ጣቷን አየሁ። የወርቅ ቀለበቷ እንደ ቆርቆሮ ነጥቷል። ባዜቃ ወርቅንም እንደሚያነጣ ሐጂ ያውቁ ነበር፤ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

«ሐጂ፣ ቀለበታቸውን ይዩልኝ» አልኩ።

በለጡ በጥፊ መታችኝ። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ባሏ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ባለሱቅ ከጸሐፊ ጋር አይጣላም። «አላህ ያውቃል» ብለው ሄዱ።

መቱ ግን የሚያውቀው ሌላ ነው። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ «ሽልንጓ መጣች፣ እንስራችሁን ያዙ» ይባባሉ ጀመር። አባቴ መጥቶ እህቱን አመነ። መስቀል ሳይደርስ ወደ ዳሪሙ መለሰኝ። ከዚያም ቤት ውስጥ ዕቃ በጠፋ ቁጥር እናቴ ቀድማ የምታየው እኔን ሆነ።

መንግሥት በኋላ የስሙኒውን ጠርዝ አስከረከመ፤ ማንም በእጁ ዳስሶ ይለየዋል። እንዲህ ያለ ማጭበርበር እንደነበረ አገር አወቀ። እኔ ዘንድ መጥቶ ተሳስተናል ያለ የለም።

«ክቡ ካለዎት በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ» አለኝ እንግዳዬ። የለኝም አልኩት። እሱ ብርቅ ብርቅ ሲል መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነስቼ ግቢውን ስዞር ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በዚህ ዕድሜዬ ይህ ነገር አሁንም ከወንበር ያስነሳኛል።

ማንበብ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፣ ጎሬ ላይ። በለጡ ስትሞት መልእክተኛ ላኩብኝ። ለቅሶዋ አልሄድኩም።